የታንኳ ሕግ በሐይቅ

፩. ስለ ቃሉና ስለ ቦታው

«ሐይቅ» የተባለው ቃል ዛሬ በአማርኛ በየብስ የተከበበውን ውኃ ሁሉ የሚያመለክት ሲሆን፥ በግእዝ ዋና ትርጓሜው ዳር፥ ጠረፍ፥ ውኃና የብስ የሚገናኙበት ወሰን ማለት ነው። የወሎ ሰው ግን «ሐይቅ ሄድሁ» ሲል፥ ከደሴ በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአምባሰልና በተሁለደሬ ተራሮች አጠገብ የተኛውን ባሕርና በዳሩ የተቆረቆረውን ከተማ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቅዱስ እስጢፋኖስን ገዳም ማለቱ ነው። የባሕሩ ጥልቀት በተለካ ጊዜ እስከ 88 ሜትር ተገኝቷል። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ባሕር በወንዝ ውኃ ይቀበላል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ስለዚህ ዝናም ሲበዛ ይሞላል፥ ዝናም ሲያንስ ይጎድላል። ይህ የውኃው ጠባይ ለቦታው ታሪክ ትልቅ ምክንያት ስለ ሆነ በኋላ በስፍራው ይነገራል።

የዚህን ባሕር ታሪክ የመረመረ ሰው ብዙ ነገር ያገኛል፤ የነገሥታትን ስጦታ፥ የመጻሕፍትን ክምችት፥ የጦርነትን ጥፋት ያነባል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በታች አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። ይኸውም ከዳር አልፎ በውኃው መካከል ሊያድር የሚችል ማን ነው? ከዳር የሚመለሰውስ ማን ነው? የሚል ነው። በብዙ አገር መንግሥታት በጀልባቸው ውስጥ ስለሚኖሩ ሰዎች ሕግ አውጥተዋል። በሐይቅ ግን ታንኳ የማንም መኖሪያ አልነበረም። ይሁን እንጂ በደሴቱ ላይ የመኖርና ያለ መኖር ሕግ የሚፈጸመው በታንኳው አማካይነት ነበር።

፪. የሣር ታንኳ ቤት የማይሆንበት ምክንያት

በ1512 ዓ. ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በአገሪቱ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ጽፏል። ሐይቅንም በመጽሐፉ ውስጥ አንሥቶታል። በባሕሩ ውስጥ ትንሽ ደሴት እንዳለች፥ በእርስዋም ላይ ብዙ መነኮሳት የሚኖሩበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም እንደሚገኝ፥ ሎሚና ትርንጎም እንደሚበቅልባት ይናገራል። መነኮሳቱ የሚመላለሱበትን ታንኳ ሲገልጽም ከቄጠማ የታሰረ፥ በትልልቅ ቅል የተደገፈ መሆኑን ያመለክታል። በባሕሩ ውስጥ ስለሚኖረው ጉማሬም ሲጽፍ የአገሩን ቃል ሳይለውጥ አስቀርቶታል።

በጣና ባሕር ዳር ከደንገል የሚሠራው ታንኳ የታወቀ ስለ ሆነ፥ የሣር ታንኳን ጠባይ ከዚያ መረዳት ይቻላል። ደንገሉ ደርቆ ይታሰራል፤ በውኃ ላይ ሲውል ግን ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ባለ ታንኳው ከመንገዱ ሲመለስ ከውኃው አውጥቶ በፀሐይ ያደርቀዋል። ሳይደርቅ የሰነበተ ታንኳ ይበሰብሳል፤ በደንብ የተያዘውም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው። ጣሪያ የለውም፥ ምድጃ አይተከልበትም፥ ሕፃን አይተኛበትም። እንግዲህ ሰው በእንዲህ ያለ ታንኳ ላይ እንዳይኖር የሚከለክለው ሕግ ንጉሥም መምህርም ያወጣው ሳይሆን የሣሩ ጠባይ ራሱ ነው።

ከዚህም አንድ ነገር ይከተላል። ታንኳ በውኃ ላይ የማያድር ከሆነ ወይ በየብስ ወይ በደሴት ማደር አለበት። ታንኳው በየብስ ካደረ የየብሱ ሰው በወደደ ጊዜ ይሻገራል፤ ታንኳው በደሴት ካደረ ግን ያለ ደሴቱ ሰዎች ፈቃድ ማንም አይሻገርም። ስለዚህ ታንኳው የሚያድርበት ወገን የመንገዱ ባለ ቤት ይሆናል ማለት ነው።

፫. ጀልባ ቤት በሆነባቸው አገሮች

የእንጨት ጀልባ ግን እንደ ሣር ታንኳ አይደለም። ሰው ጎጆ ሊሠራበት፥ እሳት ሊያነድበት፥ ልጅ ሊያሳድግበት ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጀልባ በበዛባቸው አገሮች ሁሉ ሕግ ተከትሎ መጥቷል። በደቡብ ቻይና በካንቶን ወንዞችና በባሕሩ ዳር ታንካ የተባሉ ሕዝብ በጀልባቸው ተወልደው በጀልባቸው ይሞቱ ነበር። ስማቸው ከእኛ ታንኳ ጋር በድምፅ ቢቀራረብም ዝምድና የለውም። በእነርሱ ዘንድ ሕጉ የተገላቢጦሽ ነበር፤ የተከለከሉት በውኃ ላይ መኖርን ሳይሆን በየብስ ላይ መኖርን ነውና። የየብሱ ሰዎች እንደ ዝቅተኛ ወገን እየቆጠሩ ቤት እንዳይሠሩ ያግዷቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ዮንግዠንግ በ1729 እ. ኤ. አ. ባወጣው ትእዛዝ በየብስ እንዲሰፍሩ ፈቀደላቸው። ይሁን እንጂ ንቀቱ በአንድ ትእዛዝ አልጠፋም።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ በተቆፈሩ የውኃ መንገዶች ላይ ሸቀጥ የሚያመላልሱ ቤተ ሰቦች በጠባብ ጀልባ ውስጥ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። ጆርጅ ስሚዝ የተባለ ሰው ስለ ልጆቻቸው መጎሳቆል ብዙ ጽፎና ተከራክሮ፥ በ1877 እ. ኤ. አ. የምክር ቤቱ ሕግ ወጣ። በሕጉም መሠረት ጀልባው እንደ መኖሪያ ቤት እንዲመዘገብ፥ በውስጡ የሚያድሩት ሰዎች ቁጥር በስፋቱ እንዲወሰን፥ ወንድና ሴት እንዲለያዩ፥ ልጆችም ትምህርት ቤት እንዲገቡ ታዘዘ። ሕጉ በ1884 እ. ኤ. አ. ተሻሽሎ ተጠናከረ። የኔዘርላንድ መንግሥትም በ1918 እ. ኤ. አ. በሠረገላና በጀልባ ስለሚኖሩት ሰዎች አንድ ሕግ አወጣ።

እነዚህን ሕጎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁሉም የሚጠይቁት በውኃ ላይ የሚያድረው ሰው ማን ነው? ከማንስ ጋር ያድራል? ብለው ነው። ይህንኑ ጥያቄ ግን ከነዚህ መንግሥታት ብዙ መቶ ዓመት ቀድመው የጠየቁ የበረሃ መነኮሳት ነበሩ።

፬. የአባ ጳኩሚስ ሥርዓትና ጀልባ

የማኅበር ምንኵስናን በላይኛው ግብፅ በዐባይ ዳር የመሠረተ አባ ጳኩሚስ ነው። ገዳማቱ በወንዙ ዳር ስለ ነበሩ መነኮሳቱ እህልና የእጅ ሥራቸውን በጀልባ ያመላልሱ ነበር። ሄሮኒሞስ በ404 እ. ኤ. አ. ወደ ላቲን በተረጐመው የጳኩሚስ ሥርዓት ውስጥ ስለ ጀልባ የተደነገጉ አንቀጾች ይገኛሉ። ያለ አባት ፈቃድ ማንም መነኩሴ ጀልባን፥ ትንሽም ብትሆን፥ ከወደቡ እንዳይፈታ፤ ወንድሞች በጀልባው ወለል ላይ ሲተኙ አንዱ ተለይቶ ወደ ውስጥ ገብቶ እንዳይተኛ፤ ዓለማውያን ሰዎችን በጀልባ ውስጥ አብሮ እንዳያሳድር፤ ሴቶችም ያለ አባት ፈቃድ በመነኮሳት ጀልባ እንዳይሳፈሩ ያዝዛል።

የጳኩሚስ ሥርዓት ወደ ግእዝ ከተመለሱት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ሲሆን፥ የኢትዮጵያ መነኮሳትም የምንኵስናቸውን ሐረግ ወደ እንጦንስ፥ ወደ መቃርስና ወደ ጳኩሚስ ይመልሳሉ። በዐባይ ዳር የታሰበው ነገር ምክንያቱ ግልጥ ነው። ገዳም በቅጥር ይጠበቃል፤ ጀልባ ግን ቅጥር የሌለው ቤት ነው። ጀልባውን የፈታ ሰው የገዳሙን በር እንደ ከፈተ ይቆጠራል። ቅጥሩ ራሱ ውኃ በሆነበት ደሴት ላይማ ይህ ነገር እጥፍ ድርብ ይሆናል።

፭. የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሥርዓት

የሐይቅ ቤተ ክርስቲያን አመሠራረት በትውፊት እስከ ንጉሡ ድል ነዓድ ዘመን ድረስ ይደርሳል። ገዳሙ ግን በዝና የታወቀው በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ምንኵስናን ተቀብለው፥ በ1240 ዓ. ም. ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ፤ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል እየመራ እንዳመጣቸው ገድላቸው ይናገራል። በ1273 ዓ. ም. ገደማ ለገዳሙ ያጻፉት አራቱ ወንጌል ሥዕላቸውን ጭምር ይዞ እስከ ዛሬ ከኢትዮጵያ ጥንታውያን መጻሕፍት መካከል ይቆጠራል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእርሳቸው ዘንድ ብዙ ዓመት ተምረዋል። በኋላ ዘመን አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም በዚያው ገዳም አድገዋል። የመታሰቢያቸው በዓል ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።

የገዳሙ ትውፊት ሴቶች ወደ ደሴቱ እንዳይገቡ የሚከለክለውን ሥርዓት ለኢየሱስ ሞዓ ይሰጣል። ከእርሳቸው በፊት በደሴቱ ላይ ካህናት ከነቤተ ሰባቸው ይኖሩ እንደ ነበር፥ እርሳቸው ግን ቦታውን ለመነኮሳት ብቻ እንደ ለዩት ይተረካል። ይህ ሥርዓት ምን ማለት እንደ ሆነ ቀስ ብሎ ማሰብ ይገባል። ቤት የነበረው ደሴት ገዳም ሲሆን፥ ባልና ሚስት፥ እናትና ልጅ የኖሩበት ቦታ ለአንድ ወገን ብቻ ተወሰነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እናት ልጇን ለትምህርት ወይም ለምንኵስና ስትሰጥ የምትሸኘው እስከ ውኃው ዳር ብቻ ነው። ልጁ በታንኳው ይሳፈራል፤ እርስዋ በሐይቁ፥ በግእዝ ትርጓሜው በዳሩ፥ ትቀራለች።

ይህን ሥርዓት ለማስፈጸም ዘበኛ አያስፈልግም ነበር። ቅጥር መሥራትም፥ በር መትከልም፥ «አትግቢ» ብሎ የሚከለክል ሰው ማቆምም አላስፈለገም። ታንኳው በመነኮሳቱ እጅ እስካለ ድረስ ሕጉ በየቀኑ ያለ ክርክር ይፈጸማል። ያልተሳፈረ አይገባም፤ ማን እንደሚሳፈር የሚወስነውም የታንኳው ባለ ቤት ነው። ፍትሐ ነገሥት በዐሥረኛው አንቀጽ ስለ መነኮሳት የሚደነግገውን ነገር ሁሉ በሐይቅ አንድ እስር ቄጠማ ይፈጽመው ነበር ማለት ይቻላል።

የሚያስገርመው ግን የደሴቱ አለቃ ራሱ በደሴቱ ላይ ለመኖር ያልቻለ መሆኑ ነው። የሐይቅ መምህር ዐቃቤ ሰዓት የሚባለውን ማዕርግ ስለ ያዘ ዘወትር በቤተ መንግሥት መገኘት ግዴታው ነበር። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ኢየሱስ ወደ ንጉሡ ዘንድ ለመግባት ከተፈቀደላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። አልቫሬዝም ዐቃቤ ሰዓቱን በመንግሥቱ ውስጥ ሁለተኛ ሰው ብሎ ይጠራዋል። እንግዲህ የደሴቱን ሥርዓት የሚጠብቀው አባት ከንጉሡ ሰፈር ጋር በድንኳን እየተጓዘ ይኖር ነበር።

፮. ሁለት ወሰኖች በአንድ አገር

የሐይቅን ሕግ በሚገባ ለመረዳት ከዚያው አገር ሌላ ሕግ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በአምባሰል አምባ ግሸን የተባለ፥ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ አለ። እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ የነገሥታት ልጆችና ዘመዶች ዙፋን እንዳይሻሙ በዚያ ላይ እንዲኖሩ ይደረግ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ1426 ዓ. ም. የነገሡት ከዚያ አምባ ወርደው ነው። መውጫውን ጠባቂዎች ይጠብቁታል፤ ያለ ንጉሡ ትእዛዝ የሚወርድም የሚያወርድም ይቀጣል።

እንግዲህ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት የመኖሪያ ሕግ ነበረ። በግሸን የተከለከለው መውጣት ነው፤ በሐይቅ የተከለከለው መግባት ነው። በግሸን ሰው ሳይወድ ይኖራል፤ በሐይቅ ሰው እየወደደ ይከለከላል። በግሸን የሕጉ ቁልፍ በገደሉ መውጫ በቆመው ጠባቂ እጅ ነው፤ በሐይቅ የሕጉ ቁልፍ ታንኳው ነው። ሁለቱም የሚያሳዩት ያለፈው ዘመን ሰው ሕግን በወረቀት ብቻ ሳይሆን በምድሩ አቀማመጥ ጭምር ይጽፍ እንደ ነበር ነው።

የሌሎች ባሕሮች ልማድም ይህን ያጸናል። በጣና ላይ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶችን የማያስገቡ ደሴቶች ሲሆኑ፥ ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶች የሚገቡበት ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው ጠባብ ውኃ ብቻ ነው። በዝዋይ ባሕር ደሴቶች ደግሞ የዛይ ሕዝብ ከሚስትና ከልጆቹ ጋር፥ ከእርሻውና ከሽመናው ጋር ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። በዚያ ታንኳ ወደ ገበያ መሄጃ እንጂ የመከልከያ መሣሪያ አልነበረም። ታንኳ በራሱ ሕግ አይደለም፤ ሕግ የሚያደርገው የሚይዘው ማኅበር ነው።

፯. ታንኳው ያልጠበቀው ቀን

የዚህ ሥርዓት ጥንካሬም ድካምም በአንድ ጊዜ የታየው በ1524 ዓ. ም. ገደማ ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የአማራን አገር ከወጋ በኋላ ወደ ሐይቅ መጣ። የጦርነቱን ታሪክ የጻፈው ዐረብ ፋቂህ በፉቱሕ አል ሐበሻ መጽሐፉ ነገሩን ይተርካል። ደሴቱ በውኃ ስለ ተከበበ ፈረሰኛ ሊደርስበት አልቻለም። በደሴቱም ውስጥ ብዙ የወርቅና የብር ንዋይ ተከማችቶ ነበር። ወታደሮቹ ውኃውን የሚሻገሩበት መርከብ ስላልነበራቸው እንጨት እያሰሩ መሻገሪያ መሥራት ጀመሩ።

ይህን ያዩት መነኮሳት መልእክት ላኩ። ሀብቱን ሊያስረክቡ፥ ቤተ ክርስቲያኑ ግን እንዳይቃጠል ተስማሙ። ንዋዩ ተወሰደ፤ በዚያ ዘመን በሌሎች ብዙ ቦታዎች የደረሰው ቃጠሎ ግን ለሐይቅ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ስምምነት ቀረለት። ሴትን፥ ዓለማዊንና መንገደኛን ሁሉ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል የመለሰው ውኃ ብዙ ሠራዊት ለዘለቄታ ለመመለስ አልቻለም። ነገር ግን ለንግግርና ለእርቅ የሚሆን ጊዜ ሰጠ። ውኃው ባይኖር ኖሮ ድርድሩ ባልነበረ።

፰. ውኃው ሲጎድልና ሕጉ ሲቀር

ከዚያ በኋላ ባለው ዘመን ለሥርዓቱ ከጦርነት ይልቅ የከበደ ለውጥ መጣ፤ የመጣውም ከማንም ትእዛዝ ሳይሆን ከባሕሩ ጠባይ ነው። መፍሰሻ የሌለው ሐይቅ ውኃው እየጎደለ ሲሄድ፥ በደሴቱና በየብሱ መካከል የነበረው ጠባብ ቦታ ደረቀ። ደሴቱም በአንድ ወገን ከየብስ ጋር የተያያዘ ጉንጭ ምድር ሆነ። ዛሬ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚሄድ ሰው በእግሩ ይደርሳል፤ ታንኳ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ሕጉ ግን ከውኃው ጋር አልሄደም። ሴቶች ዛሬም ወደ ገዳሙ አይገቡም። የተለወጠው የሕጉ ማስፈጸሚያ ነው። ቀድሞ ውኃው ይከለክል የነበረውን ዛሬ ሰው መከልከል አለበት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከውኃ ዳር ደርሳ የተመለሰች ሴት የከለከላት ባሕሩ ይመስላት ነበር፤ ከገዳሙ በር ደርሳ የምትመለሰው ግን የሚመልሳትን ሰው ፊት ታያለች፥ ቃሉንም ትሰማለች፥ ምክንያቱንም ልትጠይቅ ትችላለች። ለመላሹም መነኩሴ ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ታንኳው ሳይናገር ይፈጽመው የነበረውን ሥርዓት እርሱ በአፉ መናገርና ምክንያት መስጠት አለበትና።

በዚህ ረገድ የሐይቅ ታሪክ ከላይ ከተነገሩት የውጭ አገር ሕጎች ጋር ይገናኛል። የታንካ ሕዝብ በንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ወደ የብስ እንዲወጡ ሲፈቀድላቸው የጎረቤቶቻቸው ልማድ ወዲያው አልተለወጠም። የእንግሊዝ አገር የውኃ መንገድ ሠራተኞችም ጭነቱ ወደ ባቡርና ወደ መኪና ሲዛወር ጀልባቸውን ተዉ፤ ሕጉ ግን በመጽሐፍ ላይ ቆየ። ሕግ የሚወጣው ስለ ውኃው ወይም ስለ ጀልባው ይመስላል፤ ውኃው ሲጎድልና ጀልባው ሲቀር ግን ከመጀመሪያው ስለ ሰዎች እንደ ነበረ ይገለጣል።

ስለዚህ የሐይቅን ሥርዓት የሚያጠና ሰው ገድሉንና የነገሥታቱን ስጦታ ብቻ አንብቦ ሊበቃው አይገባም። ቄጠማው እንዴት እንደ ታሰረ፥ ታንኳው በማን እጅ እንደ ነበረ፥ በየትኛው ወገን እንዳደረ፥ በዳር የቀሩት ሰዎችም ለገዳሙ ምን እያመጡ በየት እንደ ተመለሱ መጠየቅ አለበት። የገባው ሰው ታሪክ በብራና ተጽፎ ይገኛል፤ በዳር የቀረችው ሴት ታሪክ ግን የሚገኘው በአገሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አንደበት ነው። እነርሱ ሳያልፉ ቢጻፍ የገዳሙ ታሪክ ሙሉ ይሆናል፤ ሐይቅ የሚለው ቃልም ውኃውን ብቻ ሳይሆን ዳሩን ጭምር እንደሚያመለክት አይረሳም።